ሰባተኛው አቦ

ዕጣው ራዲያ ላይ ወጣ።

ድሬ ውስጥ ኳስ የሚወድ፣ ኳስ አውቃለሁ የሚል፣ ቢጠሩት ጫማውን ሳያጠልቅ የሚሮጥ ሰው ሞልቶ ተርፎ ሳለ፣ ዕጣ ዓይን የለውምና ሄዶ ሄዶ ኳስ ባለበት ዞር ብላ የማታይ ሴት ላይ ዘጭ አለ። ራዲያ ጠዋት ከዚራ ሰፈር ያለችውን ሱቋን ከፍታ በዘይት የሚጠበሰውን የባጅያ ሊጥ እየመታች ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳጥን ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ የለውም፣ መጥረጉን ግን አስተምረውታል።

"እንደምን አደሩ ወይዘሮ ራዲያ ዑመር? የዜጋ ዳኛ ሆነው ተመርጠዋል። እንኳን ደስ አለዎት።"

"የምን ዳኛ?"

"የደቻቱ ኮሌጅን የእግር ኳስ ቡድን አዲስ ምልምሎች፣ እንዲሁም ተሰናባቹ አሰልጣኝ ትተውት የሄዱትን አሻራ ይዳኛሉ። የተሰናባቹ ስም ኢድሪስ ቡህ።"

የራዲያ እጅ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ሳጥኑ ሚዛን ይባላል። በዚያ ዘመን ሚዛን የማይገባበት አልነበረም። ዳቦ ገዝተህ ስትወጣ ዳቦ ቤቱን ትመዝናለህ፤ ዳቦ ቤቱም አንተን። ሹፌር የሌለው ባጃጅ ካደረሰህ በኋላ "እንዴት ነበርኩ?" ይልሃል፤ እስክትመልስለት በሩን አይከፍትም። ሐዘን ቤት ሄደህ አልቅሰህ ስትወጣ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ለቅሶው ከአምስት ስንት ኮከብ እንደሚገባው ትጠየቃለህ። ሰው ሁሉ አራት ይላል፤ አምስት ማለት ያስተዛዝባል። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ደጅ መውጣት በሕግ ተከልክሏል። ድሬዎች ይኼን ሕግ ገና ሳይታወጅ፣ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሲያከብሩት ስለኖሩ፣ ከተማቸው በሕግ አክባሪነት አምስት ኮከብ ተሸልማለች።

የኮሌጅ ተጫዋችም ይመዘናል። በየዓመቱ መስከረም ላይ የአዳዲሶቹ ምልምሎች ቁመት፣ ፍጥነት፣ የልብ ምት፣ የእንቅልፍ ጥራት፣ አሰልጣኛቸው ከአፉ የሚያወጣት እያንዳንዷ ቃል ሳትቀር ትመዘንና ኮከብ ይሰጣቸዋል። አንድ ኮከብ ያገኘ ቡድን ይበተናል። ትምህርቱም፣ ማደሪያውም፣ ምግቡም አብሮ ያበቃና ልጆቹ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደየመጡበት ይሸኛሉ። ሕጉ ለሰው የተወለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽን ብቻውን ሰው አይጥልም። የመጨረሻውን ቃል አንድ ዜጋ በገዛ አንደበቱ ይናገራል።

የደቻቱ ኮሌጅ ምልምሎች ያገኙት አንድ ኮከብ ነበር። ከአገሩ ሁሉ ጭራ።

"ከተመዛኙ ጋር ዝምድና አለዎት?" ሲል ጠየቀ ሚዛን።

ራዲያ እጇን ታጠበች። ቀስ ብላ በፎጣ አደረቀች። ከኢድሪስ ጋር አስራ አንድ ዓመት በትዳር ኖራለች። ኒካሁን ያሰሩት ሼኽ ሞተዋል፤ ፍቺውም ሚዛን ድሬ ሳይገባ በሽማግሌ አልቋል። የትም አልተጻፈም። ደግሞስ የተፋታ ባል ዘመድ ነው እንዴ?

"የለኝም" አለች። ወላሂ አልዋሸሁም፣ አለች ለራሷ።

ጎረቤቷ ኑሪያ ሻሽ በገንዘብ፣ ወሬ በነጻ የምትሰጥ ሴት ናት። ወሬውን ሰምታ ሱቋን ሳትዘጋ ነው የመጣችው።

"አልሃምዱሊላህ! አንቺ፣ አላህ እኮ አይተኛም! ያንን ሰውዬ አምጥቶ እጅሽ ላይ ጣለልሽ!"

"ቀስ በይ፣ ይሰማል።"

"ይስማ! አንድ ኮከብ ብሎ የለ? አንቺ 'ይጽና' በይ፣ በቃ! ሜዳው ላይ የተጻፈው ስሙም ይፋቅ። መጀመሪያ አንቺን ጥሎ ሄደ፤ አሁን ደግሞ እኛን ሁላችንን ጥሎ የአዋሾቹ አሰልጣኝ ሆነ። ስታዲየማቸው እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል አሉ። እዚያው ይቀዝቅዝ!"

ከተማው በሙሉ እንደ ኑሪያ ነበር። ኢድሪስ ወደ ባላንጣው ወደ አዋሽ ኢንስቲትዩት ከሄደ ጀምሮ፣ ትናንት "ኢድሪስ የኛ" እያለ ሲጨፍር ያመሸው ሁሉ ዛሬ "ድሮም እኮ ብዙ አላምነውም ነበር" ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ራዲያ ከጯኺዎቹ ጋር አልጮኸችም። የሷ ቂም ከነሱ ይልቅ የቆየ ነው።

ኢድሪስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ቤት የሚያድረው ሰውነቱ ብቻ ነው፣ ልቡ ሜዳ ያድራል። እሷ የቤት ኪራዩን ስታወራው እሱ ገበታው ላይ በማንኪያና በጨው ዕቃ አሰላለፍ ይሠራል። አንድ ቀን "ወይ እኔን ወይ ኳስን" አለችው። እሱ የጨው ዕቃውን ወደ ግራ ክንፍ ገፋ አደረገው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ጨርሰው ሲወጡ ሻንጣውን አነሳ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና ዝቅ ባለ፣ በሚጎተት ድምፅ "አቦ… ራዲያ…" አላት። ከዚያ ሄደ። የአስራ አንድ ዓመት ትዳር መዝጊያው ይኼው ነው፣ አንድ አቦ።

ድሬ ላይ ደግሞ አቦ ሁሉን ይሆናል። "አቦ ይመችህ" ብሎ የሚመርቅ አለ፣ "አቦ ተወኝ" ብሎ የሚያባርር አለ፣ "እስኪ አቦ" ብሎ የሚለማመጥ አለ። ትርጉሙ ያለው ዜማው ላይ ነው። ራዲያ ያቺን የበር ላይ አቦ ለዓመታት በሆዷ ስትደግማት ኖረች። በመጨረሻ "አቦ ተይኝ" ማለቱ ነበር ብላ ደመደመች። እንዲያ ብላ ደምድማ ነው ቂሟን የያዘችው።

ኑሪያ እንደወጣች ሚዛንን "እስኪ ምን አጥፍተው ነው አንድ ኮከብ ያልካቸው?" አለችው።

"አካላዊ ብቃት ዝቅተኛ። ቁመት ዝቅተኛ። ይኼ ብቻውን ባልጣላቸው። ዋናው ምክንያት የአሰልጣኙ መመሪያ ነው።"

"ምን ሆነ መመሪያው?"

"የለም። ተሰናባቹ በልምምድ ላይ ቴክኒካዊ መመሪያ አይሰጡም። የሚያሰሙት አንድ ጥሪ ብቻ ነው። 'አቦ'። ይኸውም የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የአክብሮት ስም ነው። ምልምሎቹም ተቀብለው ይማጠናሉ። በመንግሥት ተቋም፣ በሥራ ሰዓት ጸሎት ማድረስ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን ድንጋጌ ይጥሳል።"

ራዲያ ቀስ ብላ ጠየቀች።

"ኢድሪስ? የሼኽ ቡህ ልጅ?"

"አዎን።"

"አባቱ በየጎሁ አዛን ሲሉ የኖሩት ኢድሪስ… ጻድቁን ይማጠናል?"

"እጅግ በተደጋጋሚ። በተለይ ኳስ ሲነጠቅ።"

ራዲያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያረቢ! ኑሪያ ምን ሆነች ብላ በሩጫ ተመለሰች። ነገሩን ስትሰማ እሷም ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሁለቱ ሴቶች ሲስቁ ባጅያው አረረ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ራዲያ ሌላ ነገር ገባት። ሻንጣ አንጠልጥለው የሚሸኙት ልጆች የሚሸኙት በዚሁ ነው። ከሩቅ ተቀምጦ ሚዛንን አማርኛ ያስተማረው ሰው ድሬን ስለማያውቅ።

"ተሳስተሃል እኮ አንተ" አለችው።

"ስህተት ካለ ዳኛዋ የቃሉን አጠቃቀሞች ከነትርጉማቸው በመደብ በመደብ ከፍለው እስከ ሐሙስ ሊያስረዱኝ ይችላሉ። ዝም ካሉ የሚቀርዎት 'ይጽና' ማለት ብቻ ነው።"

ኑሪያ በክርኗ ጎሸመቻት። "ሰማሽው? ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ። ቀላል እኮ ነው።"

ቀላል ነበር። ራዲያ የዚያን ዕለት ሙሉ ቀን ዝም ለማለት ቆርጣ ዋለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግን ደቻቱ ወንዝ ወረደች። ለማየት ብቻ፣ አለች ለራሷ። ወንዙ ውሃ ካየ ቆይቷል። ከዳር እስከ ዳር የፀሐይ ኃይል የሚሰበስብ ጣሪያ ለብሷል፤ ከጣሪያው ሥር ያለው አሸዋ ነው የኮሌጁ ሜዳ። መግቢያው ላይ "ኢድሪስ ቡህ ሜዳ" የሚለው ጽሑፍ ላይ የሆነ ሰው ጭቃ ወርውሮበታል። ራዲያ አየችው፤ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፣ አላላትም።

ልጆቹ እውነትም ኮሳሶች ናቸው። ጨዋታቸው ደግሞ ከቁመታቸው የባሰ ነው። ምክትል አሰልጣኙ ወርቅነህ መልካም ሰው ነው፤ ግን ሚዛን ስለሚሰማ ፈርቶ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። "እባክህን ኳሷን በግራ መስመር በኩል ወዳለው ጓደኛህ…" ብሎ ሳይጨርስ ኳሷ ተነጥቃ ጎል ገብታለች። ልጆቹ እንደ ዲዳ ይሮጣሉ። አንዱ ሌላውን አይጠራም።

በእረፍት ሰዓት አምበሉ ወደሷ መጣ። ሀይከል ይባላል፤ ቀጭን ነው፣ ጆሮው ግን ለሁለት ሰው ይበቃል።

"እትዬ፣ አንቺ ነሽ አሉ ዳኛዋ?" አላት። ድሬ ላይ ሰው ሁሉ አንተና አንቺ ነው፤ 'እርስዎ' የሚለው ሚዛን ብቻ ነው።

"ነኝ። ምነው ዝም ዝም? አፍ የላችሁም?"

"ተከለከልን እኮ! ጸሎት ነው ተባልን። አንድ ቀን ጣቴን ተረግጬ 'አቦ!' ብዬ ነጥብ ተቀነሰብን።"

"እኔ ዳኛዋ ፈቅጃለሁ። እስኪ እንደ ድሮው ተጫወቱ።"

ሀይከል አየት አደረጋት። ከዚያ ወደ ሜዳው ዞሮ በሁለት እጁ አፉን ከቦ "አቦ!" አለ፣ አጠር፣ ከፍ አድርጎ። ሌላ ምንም አልጨመረም። አስሩም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።

ራዲያ ስለ ኳስ የምታውቀው ክብ መሆኑን ብቻ ነው። አቦን ግን ታውቃለች። ኳስ የያዘው ልጅ "አቦኦ?" ብሎ ወደ ላይ ሲጎትተው፣ 'ማን ነው ያለልኝ?' ማለቱ እንደሆነ ገባት፤ ከቀኝ በኩል አንዱ ሰበር አድርጎ "አቦ" ሲል፣ 'እዚህ ነኝ' ነው፤ ኳሷ ሳይተያዩ ደረሰችው። አንዱ ኳስ አስነጥቆ ሲቆም ማንም አልሰደበውም። ከኋላ "አቦ አቦ አቦ" የሚል ተንከባላይ ድምፅ መጣ፣ 'ምንም አይደል፣ ተነስ' የሚለው ነው፣ ልጁም ሮጦ ተመለሰ። ወርቅነህ ዓረፍተ ነገር መናገሩን ትቶ ቁጭ አለ። ኢድሪስ ልጆቹን ኳስ ከማስተማሩ በፊት መስማት አስተምሯቸዋል። ራዲያ ይኼን ስታይ ተናደደች። አስራ አንድ ዓመት እሷን ያልሰማ ሰው!

ሲጨርሱ ሀይከል አጠገቧ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። እንደ ሰዓት እጇ ላይ ያሰረቻት ትንሿ ሚዛን የኢድሪስን የልምምድ ድምፆች እያሰማች፣ እሱና እሷ መደብ አወጡላቸው። ምርቃት። ተወኝ። ልመና። ጥሪ። ማበረታቻ። ሕመም። ስድስት። ሚዛን እያንዳንዱን "ተመዝግቧል" እያለ ዋጠው።

"ያልተመደበ አንድ ዓይነት ቀርቷል" አለ ሚዛን። "ላሰማ?"

"አሰማ።"

"አቦ…"

ዝቅ ያለ፣ የሚጎተት። በሩ፣ ሻንጣው፣ ሁሉም ራዲያ ፊት መጣ። ያችው ናት። አንድ ዜማ አላነሰች፣ አንድ ዜማ አልጨመረች።

"እሱማ 'ተወኝ' ነው። ሁለተኛው ውስጥ ጨምረው" አለች፣ የድምፅዋ መለወጥ እንዳይታወቅባት ቶሎ ብላ።

"ኧረ አይደለም እትዬ!" ሀይከል ሳቀ። "እሷማ የኮች የራሱ ናት። አሰላለፍ ሲሳሳት ነው የሚላት። ያለጥፋቱ የቀየረውን ልጅ ሲያይ ነው የሚላት። ኮች እኮ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣለትም፤ ይሞታል እንጂ አይወጣለትም። 'ጥፋቱ የኔ ነው' ማለቱ ነው። እኛ ሁላችንም እናውቃታለን።"

ራዲያ ከአሸዋው ዘገነችና መልሳ አፈሰሰችው።

"የስንብቱን ዕለት ድምፅ እንዲያሰማ እዘዢው እስኪ" አለ ሀይከል።

ሚዛን አሰማ። የኢድሪስ ድምፅ አዋሽ እንደሚሄድ ነገራቸው። ለምን እንደሚሄድ አልተናገረም፣ ማብራራት ድሮም አይሆንለትም። የአሸዋው ኮሽታ ተሰማ። ከዚያ ያችው "አቦ…" መጣች። ከዚያ ደግሞ የልጆቹ ድምፅ፣ የተደበላለቀ፣ አንዳንዱም ለቅሶ የያዘው፣ "አቦ ይመችህ ኮች! አቦ ይመችህ!"

"አልተቀየማችሁትም?" አለች ራዲያ።

"ተቀየምነው እንጂ! ግን ጥፋቱ የኔ ነው ላለ ሰው ሌላ ምን ይባላል?"

ራዲያ ተነስታ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። አራት ሰዓት አልፎ ነበርና የከተማው ድምፅ ማጉያ "ወይዘሮ ራዲያ፣ ወደ ጥላ ይግቡ" እያለ ከመንገድ መንገድ ተከተላት። አልሰማችውም። እያለቀሰች ነበር የምትሄደው። ኢድሪስ እንዲመለስላት አይደለም፣ እሱ የፈሰሰ ውሃ ነው። ያለቀሰችው ያን ሁሉ ዓመት ይቅርታ እጇ ላይ ተቀምጣ እያለች ስድብ መስላት ስለያዘቻት ነው። ድሬ ተወልዳ፣ ድሬ አድጋ፣ አቦ ጠፋባት! ሚዛንስ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ምን ይደረግ።

ሐሙስ ጠዋት ሳጥኑ ፊት ቆመች። ኑሪያም ዝምታዋን ልታበረታታ መጥታለች።

"ሰባተኛው መደብ" አለች ራዲያ፣ "'ጥፋቱ የኔ ነው'።"

ኑሪያ አፏን ያዘች። "አንቺ! ምን ነካሽ?"

"አቦ ተይኝ ኑሪያ!"

"ሁለተኛው መደብ" አለ ሚዛን በጨዋ ደንብ። ከዚያ አሰላ። "ጥሪዎቹ ጸሎት ሳይሆኑ መመሪያ ሆነው ተገኝተዋል። የመግባባት ብቃት ከአገሪቱ አንደኛ። ቁመት አሁንም ዝቅተኛ። ጠቅላላ ውጤት ሁለት ኮከብ። ምልምሎቹ ይቀጥላሉ።"

ሁለት ኮከብ ማለት ከጭራ ከፍ ያለ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ራዲያ ግን ባጅያውን ጠቅልላ ወደ ሜዳው ላከችላቸው፣ ትኩሱን።

"አሁን ስለ ተሰናባቹ አሻራ የመጨረሻውን ቃል ይናገሩ። በአጭሩ። ለተሰናባቹም ይደርሳል" አለ ሚዛን።

ራዲያ ፎጣዋን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግማ አጠፈች።

"ጥሎ መሄድ ይችልበታል" አለች፤ "ጥሎት የሚሄደው ነገር ግን መጥፎ አይደለም። አቦ ይመችህ በለው።"

"'አቦ ይመችህ'። የመጀመሪያው መደብ፣ ምርቃት። ትክክል ነኝ?"

"ምርቃትም ነው።"

"'ም' ሲሉ ሌላም ትርጉም አለው ማለት ነው። ይግለጹልኝ።"

"እኔን አትጠይቀኝ። እሱ ያውቀዋል፣ እሱን ጠይቀው።"

ለቀልድ ነበር ያለችው። ሚዛን ግን ቀልድ ገና አልተማረም። እንደታዘዘው ሄዶ ጠየቀው።

አስር ሰዓት አልፎ፣ ከተማው ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ሱቆች ሲከፈቱ ሳጥኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ራዲያ ዘይቱ ላይ ነበረች።

"ተሰናባቹ አሰልጣኝ ትርጉሙን ተጠይቀዋል። ድምፁ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ግንኙነቱ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።"

"እሺ? ከዚያስ?"

"አንድ ቃል መለሱ። አጠራሩ ከሰባቱም መደቦች ጋር በከፊል ይመሳሰላል፣ ከአንዱም ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በየትኛው ልመዝግበው?"

"አሰማኝ እስኪ።"

አሰማት። ኑሪያ ከሱቋ አንገቷን አውጥታ ጆሮዋን አቆመች፤ የመንገዱ ባጃጅ ጩኸት ሸፈነባትና ሳትሰማ ቀረች። ራዲያ ግን ሰማች። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ለትንሽ ጊዜ በዘይቱ እንፋሎት ውስጥ ቆመች፣ ፈገግታዋን ማንም እንዳያይባት ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ።

"በየትኛው መደብ ልመዝግበው?" አለ ሚዛን ደግሞ።

"የትም አትመዝግበው። ይኼኛው የኔ ነው።"

"ያልተመዘነ ቃል እንዲቀመጥ አልተፈቀደም።"

"አቦ!"

ሚዛን አፍታ አሰበ።

"ሁለተኛው" አለና ተዋት።